ዶሮ ኮከብ የሚለቅምባት መንደር

መስከረም 14፣ ማታ

የሌሊቱ ባቡር ከፓሪስ ኦስተርሊትዝ ጣቢያ የሚነሳው መሸት ሲል ነው። የፉርጎዬን ቁጥር እየፈለግሁ ሳለ እናቴ ከመንዝ ደወለች። ደመራ ሊበራ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

«መስቀልን ከነማን ጋር ልትውይ ነው?»

«ዘንድሮስ ከሀበሾቹ ጋር አይደለሁም እማዬ። ተራራ ላይ ያለች የገበሬ መንደር ልሄድ ነው።»

«እዚያም ገበሬ አለ?» አለችኝ። ከልቧ ነው የጠየቀችው። «እንግዲያስ ምን እንደሚዘሩ አይተሽ ንገሪኝ።»

ይህን አደራ ይዤ ተሳፈርኩ።

የምሄድባት መንደር ሳን ቬራን ትባላለች። በፈረንሳይ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከጣሊያን ጠረፍ ሥር፣ ኬይራ በሚባለው የአልፕስ ወረዳ ውስጥ ናት። ነዋሪዋ 200 ሰው ገደማ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,040 ሜትር ላይ ስለተቀመጠች፣ የራሳቸው ማዘጋጃ ቤት ካላቸው የአውሮፓ መንደሮች ሁሉ ከፍተኛዋ እኔ ነኝ ትላለች። ስዊዘርላንድ ውስጥ ዩፍ የምትባል፣ ከእርሷም ከፍ ብላ የተቀመጠች ሰፈር አለች፤ ዩፍ ግን በሌላ መንደር ሥር የምትተዳደር ናት። የአገሩ ሰው ሳን ቬራንን «ዶሮ ኮከብ የሚለቅምባት መንደር» ይላታል።

ለእኛ 2,040 ሜትር ምን ያስደንቃል? አዲስ አበባ እንኳ ትበልጣታለች። እኔ የተወለድኩበት መንዝ ጌራ 3,000 ሜትርን የሚያልፍ አገር ነው፤ ገብሱም በጉም ሞልቶበት ሰው ከብሮ ይኖርበታል። ነገር ግን መንዝ ከምድር ወገብ ብዙ አይርቅም፣ 10ኛው ዲግሪ ላይ ነው፤ ሳን ቬራን ደግሞ 45ኛው ዲግሪ አጠገብ ናት። እኛ ክረምት ስንል ዝናብና ጭቃ ነው፤ ጭቃው ውስጥ ግን ቡቃያው አለ። የእነርሱ ክረምት ግማሹን ዓመት ምድሪቱን በበረዶ ይደፍናታል። በዚያ ኬክሮስ በዚህ ከፍታ እህል ዘርቶ መኖር ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ነው ላይ የፈለግሁት።

(ቀኖቹን በእኛው አቆጣጠር፣ ዓመቶቹን ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።)

መስከረም 15

ሲነጋ ባቡሩ የዱራንስን ወንዝ ተከትሎ ወደ ላይ እየወጣ ነበር። ሞን ዶፋን ጣቢያ ወረድኩ። ከጣቢያው በላይ፣ በሁለት ወንዞች መገናኛ በቆመ ገደል ላይ፣ ትልቅ ምሽግ ተቀምጧል። በ1692 የሳቮይ መስፍን ጦር በዚህ በኩል ገብቶ አገሩን ስለዘረፈ፣ የንጉሥ ሉዊ 14ኛ መሐንዲስ ቮባን በዓመቱ ያስጀመረው ነው። ከ2008 ጀምሮ ከሌሎቹ የቮባን ምሽጎች ጋር በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። ከታች ሆኜ አየሁትና ወደ አውቶቡሱ ሄድኩ፤ የመጣሁት ለገበሬ ቤት ነው።

መንገዱ የጊልን ወንዝ ሸለቆ ይዞ ይገባል። ሸለቆ ማለት አይገልጸውም፤ ገደል ለገደል ተፋጥጦ መሐሉ ላይ ወንዙና አስፋልቱ ቦታ ይሻማሉ። ሾፌሩ በአንድ ጠባብ መታጠፊያ ላይ በጣቱ ወደ ወንዙ እያሳየ ስለ 1957ቱ ጎርፍ ነገረኝ። በዚያ ዓመት በሰኔ የዘነበው ዝናብ ከሚቀልጠው በረዶ ጋር ተደርቦ ጊል ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ፤ መንገዱንና ድልድዩን ጠራርጎ ወስዶ ኬይራን ከሌላው አገር ቆረጣት። ሾፌሩ በዕድሜው ይህን ሊያይ አይችልም፤ ከአባቱ የሰማው መሆን አለበት። አነጋገሩ ግን በዓይኑ እንዳየ ሰው ነበር።

ከጠባቡ ሸለቆ እንደወጣን አገሩ ድንገት ይከፈታል። ሻቶ ኬይራ በአንዲት አምባ ላይ ጉብ ብሎ ታየ፤ ጥቂት አለፍ ብሎ ቪል ቪዬይ የምትባለው መንደር አለች። እዚህች መንደር ውስጥ ስምንት ቁልፍ ያለው የእንጨት ቁም ሣጥን ይገኛል። አውቶቡሱ አልቆመልኝምና አላየሁትም፤ ታሪኩ ግን መነገር አለበት።

በ1343 የዚህ አገር ገዢ የነበረው ኡምቤር 2ኛ ገንዘብ ቸገረው። በብሪያንሶን ዙሪያ ያሉት የተራራ ማኅበረሰቦች አጋጣሚውን አዩና ተሰብስበው ነፃነታቸውን ገዙት፤ 12,000 የወርቅ ፍሎሪን ቆጥረው፣ በየዓመቱም ግብር ለመክፈል ተዋዋሉ። በምትኩ ከጌታ አገልጋይነት ወጡ፤ አለቆቻቸውን ራሳቸው መምረጥ፣ ግብሩንም ራሳቸው ለየቤቱ መደልደል ቻሉ። አምስት «ኤስካርቶን» ሆነው ተደራጁ፤ ኬይራ አንዱ ነበር። በውስጡ ሰባት ማኅበረሰቦች ነበሩ፣ ሳን ቬራን ከሰባቱ አንዷ። በ1713 በዩትሬክት ውል ድንበሩ በተራራው ጫፍ ላይ ሲሰመር ሦስቱ ኤስካርቶኖች ወደ ሳቮይ ሄዱ፤ የቀሩት ሁለቱ እስከ ፈረንሳይ አብዮት ድረስ በዚሁ ሥርዓት ኖሩ። የውል ወረቀታቸውን ያስቀመጡበት ቁም ሣጥን ነው ስምንት ቁልፍ ያለው፤ ሰባቱ ቁልፍ ለሰባቱ ማኅበረሰቦች፣ ስምንተኛው ለጸሐፊው። ሁሉም ካልተገኙ አይከፈትም።

ይህን ሳስብ ጓሳን አስታወስኩ። በመንዝ የጓሳን ሣር አባቶቻችን ቄሮ በሚባለው የጥንት የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለ400 ዓመት ያህል ጠብቀው ኖረዋል፤ ለዓመታት ይዘጋል፣ የሚከፈተውም ሁሉም ተማክሮ ነው፤ ያን ጊዜ ለቤት ክዳን ይታጨዳል። ከማዶ ለማዶ ሳይተዋወቁ የተራራ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር አስበዋል። ጥቂት ያለው ሰው ያንኑ ጥቂቱን በደንብ ካልደነገገው አይተርፍለትም።

ከሞሊን መንደር በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ሳን ቬራን በድንገት ከላይ ታየች፤ ፀሐይ በሚመታው ደቡባዊ ገጽ ላይ፣ በተራራው ወገብ እንደ መቀነት ተጠምጥማ። ከማዶ ያለው ጥላማው ገጽ ሁሉ ደን ነው። ዛፉ ሜሌዝ ይባላል፤ ጽድ ይመስላል፣ ነገር ግን በመከር ቅጠሉ ወርቃማ ሆኖ ይረግፋል። አሁን ጫፍ ጫፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ሰዉ ፀሐያማውን ወገን ለራሱና ለእህሉ ይዞ ጥላውን ለደን ተወው። መንደሯ ስትቆረቆር የተደረገው የመጀመሪያው ውሳኔ ይኸው ይመስለኛል፤ ሌላው ሁሉ ከእርሱ የመጣ ነው።

ያረፍኩበት የእንግዳ ቤት ባለቤት በሰባዎቹ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ከፍታው አይከብድሽም ማለት ነዋ» አሉኝና ሻንጣዬን ራሳቸው አንስተው ደረጃውን ወጡ።

መስከረም 16

ዛሬ ቤት ሳይ ዋልኩ።

ሳን ቬራን አንድ ወጥ መንደር አይደለችም፤ ሰፈር ከሰፈር ሆን ተብሎ በባዶ መሬት ተለያይቷል። ቤቱ እንጨት፣ ውስጡ ድርቆሽ ነው፤ አንድ ፍንጣሪ ቢያመልጥ መንደሩ በሙሉ ይነድ ነበር። ስለዚህ አንዱ ሰፈር ቢቃጠል እሳቱ ወደ ሌላው እንዳይሻገር ክፍት ቦታ ተተወ፤ እዚያ ላይ ዛሬም አይሠራም። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ምንጭ፣ የራሱ የዳቦ ምድጃ፣ የራሱ መስቀል አለው። ምንጩ ከሜሌዝ ግንድ የተፈለፈለ ገንዳ ነው፤ ከብት የሚጠጣበትና ልብስ የሚታጠብበት ለየብቻ።

ለ ሱም የሚባለው ሙዚየም በ1641 የተሠራ ቤት ነው፤ በመንደሩ ከቆሙት ሁሉ ጥንታዊው። የቤቱን አሠራር ለመረዳት ከታች ወደ ላይ መሄድ ይሻላል። ምድር ቤቱ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ነው። በዚያ ላይ ግንድ በግንድ ተደራርቦ፣ ጥግ ጥጉ ላይ እርስ በርሱ ተነካክሶ፣ ሁለትና ሦስት ፎቅ የሚያህል የእንጨት ጎተራ ይነሳል። «ፉስት» ይሉታል። ድርቆሹና ነዶው እዚያ ይገባል። ከፊት ለፊቱ በደቡብ በኩል ረጃጅም ሰገነት አለ፤ ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። በረዶ ከመጣሉ በፊት ያልደረቀ እህል ነዶው ሰገነቱ ላይ ተሰቅሎ በፀሐይ ይበስል ነበር። ጣራው የሜሌዝ ጣውላ ወይም ጥቁር የድንጋይ ሰሌዳ ነው።

ሰዉስ የት ይኖራል? ከታች፣ በግንቡ ውስጥ፣ ከከብቱ ጋር። አንድ ክፍል ነው። በአንድ ወገን አልጋው፣ ገበታውና የሕፃኑ አልጋ፤ በሌላው ወገን ላሟ፣ በጎቹ፣ ዶሮዎቹ። እሳት ቁጠባ ነው፤ ላም ራሷ ምድጃ ናት። ከላይ የተከመረው ድርቆሽ ደግሞ ሙቀቱን እንደ ብርድ ልብስ አፍኖ ይይዘዋል፤ ክረምቱ እየገፋ ከብቱ ሲበላው እየሳሳ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጸደይ ይደርሳል። እንዲህ ያለ የተሟላ ስሌት ከወረቀት ላይ አይገኝም፤ መቶ ክረምት ያለቀበት ሥራ ነው።

በሌላ ሰፈር ያለ አንድ ቤት ደግሞ ለጎብኚ ክፍት ነው፤ ቤተሰቡ እስከ 1976 ድረስ በዚሁ መልክ ከከብቱ ጋር ኖሮበታል። 1976። ከጨረቃ ጉዞ በኋላ ማለት ነው። ገበታው፣ ማንኪያው፣ የላሟ ጉረኖ፣ ከግድግዳው የተሰቀለው ፋኖስ፣ ሁሉም እንደነበረ ነው። ቲኬት ቆርጬ ገባሁ።

እዚያ ውስጥ ረዥም ጊዜ ቆምኩ። የአያቴ ቤት መንዝ ውስጥ የድንጋይ ግንብ ነበር፣ ክዳኑ ጓሳ። ጥጃውና በጉ ከውስጥ ያድራሉ፤ እኛ ልጆቹ ቆጡ ላይ። ሌሊት የማመንዠካቸው ድምፅ እንደ እሹሩሩ ነበር። በኋላ ደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት ስገባ የከተማ ልጆች «ከከብት ጋር ነው የምታድሩት?» ሲሉኝ፣ አይደለም፣ ጋጣው ለብቻው ነው አልኩ። አያቴን ካድኳት። ለብዙ ዓመት ያንን ቤት እንደ ድህነት ምልክት ቆጠርኩት፤ ብልሃት መሆኑን የነገረኝም አልነበረም። እነሆ ያው ብልሃት፣ ያው የከብት ትንፋሽ፣ ያው በሣር የታፈነ ሙቀት፣ እዚህ ጽሑፍ ተለጥፎለት፣ መብራት በርቶለት፣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይዞርበታል። ተናደድኩ ብል እውነት አይሆንም። አያቴን አሰብኩ፤ ይህን ብታይ የላሟን ጉረኖ ጠባብነት ነበር መጀመሪያ የምትነቅፈው።

ወደ እናቴ ጥያቄ ልመለስ። ይዘሩ የነበረው ራይ የሚባለውን፣ ከስንዴ ዘመድ የሆነ፣ ብርድ የሚችል እህል ነው። ገብስና አጃም ነበር፤ ዋናው ግን ራይ ነው። ነገሩን ልዩ የሚያደርገው በዚህ ከፍታ ራይ በአንድ ዓመት አለመድረሱ ነው። በበጋው መጨረሻ ተዘርቶ፣ ከበረዶ ሥር ከርሞ፣ የሚታጨደው በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወቅት ነው። ስለዚህ ያምናው ሳይታጨድ የዘንድሮው ሌላ ማሳ ላይ መዘራት ነበረበት። መሬቱ ገደላማ ስለሆነ አፈሩ በየዓመቱ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ገበሬው የወረደውን አፈር በጀርባው ተሸክሞ ወደ ማሳው ራስ ይመልሰው ነበር። ሳን ቬራንን ከጥንት «ዳቦ የሚበላበት ከሁሉ ከፍ ያለው ተራራ» ይሏት የነበረው ቀልድ አይደለም፤ ዳቦው ምን እንዳስከፈለ የሚያውቅ ሰው የተናገረው ነው።

ያ ዳቦ የሚጋገረው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በመከር ነበር። የማገዶ እጥረት ስላለ የየሰፈሩ ምድጃ አንዴ ከጋለ ሁሉም ቤት በተራ ይጋግርበታል፤ ዳቦው ቆጥ ላይ ተደርድሮ እስከ ሚቀጥለው መከር ይቆያል። ሲደርቅ ቢላዋው አንድ ጫፉ ከጣውላ ጋር በማጠፊያ የተያያዘ ሆኖ፣ በክንድ ተጭነው ነው የሚቆርጡት፤ ከዚያ ሾርባ ወይም ወተት ውስጥ ይነከራል። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ እንጨት ጨርሶ በጠፋበት፣ ላ ግራቭ በሚባለው መንደር በኩል፣ ምድጃው የሚነደው በኩበት ነበር። ይህን ለእናቴ ስነግራት ደስ እንደሚላት አውቃለሁ። ኩበት የሚጠፈጥፍ ፈረንሳይ!

ባለቤቲቱ ማታ ራት ላይ የራይ ዳቦና ብሉ ዱ ኬይራ የሚሉትን ሰማያዊ ሻጋታ ያለበትን አይብ አቀረቡልኝ። ዳቦው ጠይም፣ ኮምጠጥ ያለ ነው። «እናቴ ናቸው የደረሱበት፣ እኔ ራሴ ዓመቱን ሙሉ የቆየ ዳቦ አልበላሁም» አሉኝ። ከዚያ የወላጆቻቸውን ሣጥን አሳዩኝ፤ ክዳኑ ላይ በቢላዋ ጫፍ የተቀረጸ ክብ አበባ፣ በአበባው ውስጥ ሌላ አበባ፣ በዚያ ውስጥ ኮከብ። ክረምት ላይ ወንዶቹ የሚውሉት ይህን ሲቀርጹ ነበር።

ክረምቱ ሌላም ነገር አፍርቷል። በረዶው ቤት ሲዘጋባቸው ልጆች ይማሩ ነበርና የኬይራና የብሪያንሶን ተራራ ሰዎች ከቆላው ሰው ይልቅ ፊደል ያውቁ ነበር። መከር ካለቀ በኋላ ወጣቶቹ ለመምህርነት ለመቀጠር ወደ ቆላ ወደ ገበያው ይወርዳሉ፤ ባርኔጣቸው ላይ ላባ ይሰካሉ። አንድ ላባ ማንበብና መጻፍ አስተምራለሁ ማለት ነው፤ ሁለት ላባ ሒሳብም ይጨምራል፤ ሦስት ላባ ላቲንም አውቃለሁ ማለት ነው። በእኛ አገር የቆሎ ተማሪው ነው ዳዊቱን ይዞ መምህር ፍለጋ የሚንከራተት፤ እዚህ መምህሩ ነበር ተማሪ ፍለጋ በበረዶ የሚሄደው።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አካባቢ ወጣሁ። ብርዱ ይቆነጥጣል። በአገሬ አሁን ደመራው ወድቆ፣ በየትኛው ወገን እንደወደቀ ሽማግሌዎቹ ይከራከሩ ይሆናል። ከመንደሩ በላይ ከዋክብቱ ጥቅጥቅ ብለው ወጡ። ከላይ ሻቶ ሬናር የሚባለው ጫፍ ላይ፣ 2,900 ሜትርን አልፎ፣ በ1974 የፓሪስ ኦብዘርቫቶሪ ፀሐይን ለማጥናት ያሠራው የከዋክብት ማያ ቤት አለ። ዶሮ ኮከብ ይለቅማል ያሉት ሰዎች ዛሬ ማታ ማጋነናቸው አልታየኝም።

መስከረም 17፣ መስቀል

ቤተ ክርስቲያን የምስመው ስለሌለኝ የሰፈሮቹን መስቀሎች እየዞርኩ ለማየት ወሰንኩ። ይህን ቀን መምረጤ አጋጣሚ አልነበረም።

የሳን ቬራን መስቀሎች ባዶ እንጨት አይደሉም። ከሰው ቁመት በእጥፍ የሚበልጥ መስቀል ላይ የሕማማቱ መሣሪያዎች ሁሉ በእንጨት ተሠርተው ተሰክተዋል። ችንካሩ፣ መዶሻው፣ ጉጠቱ፣ መሰላሉ፣ ጦሩ፣ ሰፍነጉ፣ የእሾኹ አክሊል። ከጫፉ ላይ ደግሞ ዶሮ ቆሟል፤ ጴጥሮስ ሲክድ የጮኸው። ትናንት ስለ ክህደቴ ጽፌ ዛሬ ከዶሮው ሥር ስቆም ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ ነጠላዬን ተከናንቤ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ውሻ ይዞ የሚያልፍ ሽማግሌ ባርኔጣውን አነሳልኝ።

የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሁለት የድንጋይ አንበሶች ተንበርክከው አምድ ተሸክመዋል። አንበሳ እዚህ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል፤ ለእኔ ግን የቤት ሰው እንዳገኘሁ ነው የሆነልኝ። የፕሮቴስታንቶች ጸሎት ቤትም አለ። በ1685 ሉዊ 14ኛ ለፕሮቴስታንቶች የእምነት ነፃነት የሰጠውን የናንትን አዋጅ ሲሽር ከኬይራ ብዙ ቤተሰብ ወደ ውጭ ተሰደደ፤ የቀሩት በድብቅ እየጸለዩ መቶ ዓመት ቆዩ። አሁን ሁለቱም በአንድ መንደር ውስጥ ናቸው።

ቅዱስ ቬራን ራሱ በ6ኛው መቶ ዘመን የካቫዮን ኤጲስ ቆጶስ ነበር። አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው፦ በፎንቴን ደ ቮክሉዝ ምንጭ ይኖር የነበረውን ዘንዶ ቅዱሱ አቆሰለው። ዘንዶው ወደ አልፕስ በረረ፤ በመንገዱም ደሙ እየተንጠባጠበ ሄደ። ደሙ የነጠበባቸው ቦታዎች እረኞች ከቆላው ከሉበሮን በጎቻቸውን ይዘው በበጋ ወደ ተራራው ሲወጡ የሚያድሩባቸው ሰፈሮች ናቸው ይባላል። ይህን ተረት በጣም ወደድኩት። ዘንዶው የእረኞች የመንገድ ካርታ ነው፤ ልጅ ታሪኩን ከያዘ መንገዱ አይጠፋውም።

በግድግዳዎቹ ላይ የተሳሉት የፀሐይ ሰዓቶችም የዚህ አገር ኩራት ናቸው። ብዙዎቹን በ19ኛው መቶ ዘመን የሣለው ጆቫኒ ፍራንቼስኮ ዛርቡላ የሚባል ከጣሊያን ፒዬሞንቴ የመጣ ሠዓሊ ነው። ቀለማቸው፣ ወፎቻቸው፣ እብነ በረድ የሚመስለው ጠርዛቸው ዛሬም አልጠፋም።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ወደ ክሎዚ ጸሎት ቤት ጉዞ ጀመርኩ። መንገዱ ኤግ ብላንሽ የሚባለውን ወንዝ ይከተላል። ከመንደሩ ወጣ እንዳልኩ በተራራው ገጽ ላይ ደረጃ ደረጃ የሆነ ነገር አየሁ፤ የድሮ የራይ ማሳዎች ናቸው። እርከኑ አለ፣ ጠርዙ ላይ የተለቀመው ድንጋይ ተከምሮ አለ፤ ላዩ ግን ሣር ብቻ ነው።

ከፍ እያልኩ ስሄድ ድንጋዩ ተለወጠ። አረንጓዴ፣ እንደ እባብ ቆዳ የሚያብረቀርቅ ዓለት። ይህ ዓለት የባሕር ወለል ነበር። አልፕስ ሳይኖር እዚህ ውቅያኖስ ነበር፤ ከወለሉ ሥር ፈልቆ በውኃ ውስጥ የረጋው እሳተ ገሞራ፣ ሁለቱ አህጉሮች ሲጋጩ ተጨምቆ ወደ ሰማይ ወጣ። በእኛ በአፋር ምድር ተሰንጥቃ ውቅያኖስ ልትወልድ ነው፤ እዚህ ደግሞ የሞተ ውቅያኖስ ላይ በእግሬ እየሄድኩ ነው። ከዚያው ዓለት ውስጥ መዳብ ይወጣ ነበር። ከመንገዱ በላይ ያለው ማዕድን በነሐስ ዘመን፣ ዛሬ ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ሰው የሠራበት ነው፤ በ20ኛው መቶ ዘመንም እንደገና ተቆፍሯል። በእንዲህ ያለ ከፍታ፣ ያለ ብረት መሣሪያ፣ ዓለቱን በእሳት እያጋሉ ይሰነጥቁት ነበር።

ክሎዚ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ትንሽ ነጭ ጸሎት ቤት። በሐምሌ ወር ከፈረንሳይ ወገን ሳን ቬራኖች፣ ከጣሊያን ወገን ደግሞ ጫፉን ተሻግረው የቫራይታ ሸለቆ ሰዎች መጥተው አብረው ያከብራሉ። በ1713 የተሰመረው ድንበር ለይቷቸዋል፤ ቀድሞ ግን ሁለቱም ከአምስቱ ኤስካርቶኖች ነበሩ።

በግራ በኩል ካለው ግጦሽ የበግ ደወል ሰማሁ። ከመንጋው ዘንድ የሚያህለኝ ነጭ ውሻ ወጥቶ ወደ እኔ መጣ። «ፓቱ» ይሉታል። በ1992 ተኩላ ከጣሊያን ወደ ፈረንሳይ ከተመለሰ ወዲህ እዚህም ደርሷል፤ እረኞቹ ውሾቹን ያመጡት ለዚያ ነው። መንገድ ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ እንደሚለው ቆምኩ፣ አልሮጥኩም፣ በለሰለሰ ድምፅ አናገርኩት። በአማርኛ ነበር ያናገርኩት። አሽትቶኝ ወደ በጎቹ ተመለሰ። እረኛዋ ከሩቅ እጇን አወዛወዘች፤ ወጣት ሴት ናት። ቀርባ ስናወራ ባለፈው ሳምንት ሁለት በግ እንደጠፋባት ነገረችኝ። ፊቷ ላይ የነበረውን ሐዘን ከመንዝ ሰው ሌላ የሚያውቀው የለም ብል አጋነንኩ፤ ግን አውቀዋለሁ።

መስከረም 18

አውቶቡሱ ከሰዓት በኋላ ስለሚነሳ ጠዋት አንድ ገበሬ ለማነጋገር ቻልኩ። ባለቤቲቱ ናቸው የጠቆሙኝ፤ የወንድማቸው ልጅ ነው። ሃምሳ ዓመት አይሞላውም። ከመንደሩ ዳር ባለ ዘመናዊ የከብት በረት ውስጥ ለላሞቹ መኝታ ይጎዘጉዛል። በረቱ ሰፊ፣ ነፋሻ ነው፤ ከቤቱ የራቀ።

የእናቴን ጥያቄ ሳልለውጥ ጠየቅሁት። «ምን ትዘራላችሁ?»

መንሹን አቆመ። «ምንም» አለኝ። «ሣር ነው ያለን። ድርቆሽ። ራዩ ካለቀ ቆይቷል።»

ምክንያቱን እንዲህ ነገረኝ፦ መንገዱ ሲመጣ የቆላው ዱቄት በርካሽ ወጣ፤ በጀርባ አፈር እየመለሱ ራይ መዝራት ትርጉም አጣ። ልጆች ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ማርሴይ፣ ወደ ፓሪስ ሄዱ። አሁን በክረምት የበረዶ ሸርተቴው፣ በበጋ ተጓዡ መንደሩን ያቆመዋል። እርሱም በክረምት የሸርተቴ ማመላለሻ ላይ ይሠራል። ያለ እርሱ ላሞቹ አይመግቡትም። ድርቆሹን ግን በየዓመቱ ገደሉ ላይ ወጥቶ ያጭዳል፤ ካልታጨደ ሜሌዙ ከማዶ ተሻግሮ ማሳውን ይውጠዋል፣ ረዥሙ ሣር ላይም በረዶው ተንሸራቶ ወደ መንደሩ ይወርዳል አለኝ። «የሚጎበኙት ቤቶቹን ነው» አለ። «ሣሩን የሚያጭድ ከጠፋ ቤቶቹም አይቆዩም።»

አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ባለው ምንጭ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ለእናቴ ደወልኩ። ስለ ራዩ፣ ዓመት ስለሚቆየው ዳቦ፣ ስለ ኩበቱ ነገርኳት። ስለ ኩበቱ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ከከብት ጋር ስለሚኖሩበት ቤት፣ ገንዘብ ተከፍሎ እንደሚገባበት ነገርኳት።

ዝም አለች። ቀጥላ «የአያትሽን ቤት ዘንድሮ ልናፈርሰው ነበር» አለችኝ። «ከቆርቆሮው ቤት ወዲህ ጭድ ነው የምናስገባበት። ክዳኑ ያፈሳል።»

«እማዬ፣ አታፍርሱት።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«ገና ስመጣ ልለካው። ጋጣውን፣ ቆጡን፣ ሁሉን። እንደገና እናስከድነው፣ ገንዘቡን እልካለሁ።»

«ገንዘቡስ ቀላል ነው» አለች። ከጀርባዋ የጎረቤት ልጅ ሲጮህ ይሰማል። «ጓሳው መች እንደሚከፈት አባትሽን እጠይቀዋለሁ። ከዳኝም መፈለግ አለበት፤ የሚያውቁት ሁለት ሽማግሌ ናቸው የቀሩት፣ አንደኛው ዓይኑ ደክሟል።»

አውቶቡሱ ከታች መታጠፊያው ላይ ብቅ ሲል አየሁት።

«ሌላኛውን ዛሬውኑ አናግሪው እማዬ» አልኳት።